ምስጥን በወታደሩ መለየት፦ ከማይክሮስኮፕ ሥር የተማርኩት

ሰው ምስጥ በብልቃጥ ይዞልኝ ሲመጣ የሚጠይቀኝ «ይሄ የትኛው ዝርያ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ወታደር አለበት?» እላለሁ። ወታደር የምንለው ጎጆውን የሚከላከለውን ምስጥ ነው። ወታደር ከሌለበት አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ርቀት አንሄድም። ካለበት ግን ቁጭ ብለን እንሠራለን።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ምስጥ መለየት ለጀመሩ ሰዎች ነው። ለትምህርት ይሁን ለሥራ ወይም በራሳችሁ ፍላጎት፣ ለውጥ የለውም። እኔ ስጀምር እንዲህ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳኝ ባገኝ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

መጀመሪያ ለምን ወታደሩ? በዓለም ላይ 3,000 የሚጠጉ የምስጥ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሠራተኞቻቸው ግን በጣም ይመሳሰላሉ። ነጣ ያሉ፣ ለስላሳ፣ ክብ ራስ ያላቸው ናቸው። በዚያ ላይ በተለያየ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉት አብረው ስለሚገኙ መጠናቸውን ለክቶ መደምደም ያስቸግራል። ክንፋሞቹ ጥሩ መለያ አላቸው። ችግሩ በዓመት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቻ መገኘታቸው ነው። ወታደሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ጎጆው ውስጥ አለ። ራሱ ጠንካራ ስለሆነ አልኮል ውስጥ ቅርጹን አይለቅም። ደግሞ ወታደር ከሆነ በኋላ ቆዳውን አይቀይርም፣ አያድግም። ስለዚህ የዛሬው ልኬት የነገም ልኬት ነው። ከሁሉም በላይ የየዝርያው የመከላከያ ስልት ይለያያል። አንዱ ይነክሳል፣ አንዱ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይረጫል፣ አንዱ መንጋጋውን አጠላልፎ በማስፈንጠር ይመታል፣ ሌላው በራሱ መተላለፊያውን ይዘጋል። ይሄ ሁሉ ልዩነት ራሱና መንጋጋው ላይ ይነበባል።

ወታደሮች በጎጆው ውስጥ ጥቂት ናቸው። በብዙ ጂነሶች (ጂነስ ማለት የተቀራረቡ ዝርያዎች ወገን ነው) ከመቶ ምስጥ ውስጥ የተወሰኑት ብቻ ናቸው። ስለዚህ መሰብሰቡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለእኔ የሠራልኝ ዘዴ ይሄ ነው፦ ኩይሳውን ወይም የአፈር መተላለፊያውን ትንሽ እሰብርና ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። በብዙዎቹ ዝርያዎች ሠራተኞቹ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ፣ ወታደሮቹ ደግሞ ወደ ስብራቱ ይመጣሉ። ያኔ በለስላሳ ወረንጦ ወይም በረጠበ ብሩሽ ማንሳት ነው። ወረንጦ ስትጠቀሙ ራሱን አትያዙ፣ አንቴናው ይሰበራል። ደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖሩት ግን ወደ ስብራት አይመጡላችሁም። እንጨቱን እየሰነጠቁ መፈለግ ግድ ነው። የእነዚህ ምልክት እንጨቱ ሥር የሚጠራቀመው ጥቃቅን ኩስ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ስድስት ጎን አለው።

አንድ ጎጆ፣ አንድ ብልቃጥ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ኩይሳ ውስጥ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ ከኩይሳው ግድግዳ የተያዘውንና ከመሀሉ የተያዘውን እንኳ ለየብቻ አስቀምጡ። ወታደሮቹን ብቻ ሳይሆን ሠራተኞችንም ጨምሩ፣ ክንፋም ካለ ደግሞ እሰየው። የት እንደተገኙ፣ ምን ሲበሉ እንደነበር፣ ጎጆው ከመሬት በላይ ነው ወይስ በታች፣ ውስጡ የፈንገስ እርሻ ነበረው ወይ፣ ይሄን ሁሉ እዚያው ጻፉ። የፈንገስ እርሻ መኖሩ ብቻውን ምርጫውን በጣም ያጠብበዋል። ፈንገስ የሚያለሙት ማክሮተርሚቲኔ የሚባለው ንዑስ ቤተሰብ አባላት ብቻ ናቸውና።

የመለያ ወረቀቱን በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። ከውጭ በማርከር የተጻፈ ነገር አልኮል ሲነካው ይጠፋል። አልኮሉ 80 በመቶ አካባቢ ቢሆን ለቅርጽ ጥናት ተስማሚ ነው። ለዘረመል ምርመራ ደግሞ የተወሰኑትን 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ለይታችሁ አስቀምጡ። ሁሉንም ጠንካራው ውስጥ ካደረጋችሁ አካላቸው ይደርቅና በነካችሁት ቁጥር አንቴናና እግር ይበጠሳል። ከምስጦቹ ሰውነት የሚወጣው ውኃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ መቀየርም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ። ዓይኔ የሚሄድበት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የማየው መንጋጋውን ነው፤ አለ ወይስ የለም? መንጋጋው ከስሞ ራሱ ወደ ፊት እንደ ቀንድ ሾጥጦ ከወጣ ከናሱቲተርመስ ወገን ነው ማለት ነው። እዚህ ቡድን ውስጥ የቀንዱ ርዝመት ከቀሪው ራስ አንጻር፣ ከጎን ሲታይ የራሱ ጀርባ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የጎደጎደ፣ ራሱ ላይ ያለው ፀጉር ስንት ነው የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው የሚለዩት። ሣር የሚያጭደው ትሪነርቪተርመስ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ወታደር ስላለው ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል።

መንጋጋው ካለ ወደ ግንባሩ እሄዳለሁ። ፎንታኔል የሚባል ቀዳዳ አለ። የመከላከያ ፈሳሽ የሚወጣበት ነው። ደረቅ እንጨት በሚበሉት የካሎተርሚቲዴ ቤተሰብ ወታደሮች ላይ ይሄ ቀዳዳ የለም። በእነሱ ላይ ከራሱ ቀጥሎ ያለው የጀርባ ሳህን፣ ማለትም ፕሮኖተሙ፣ ዝርግና እንደ ራሱ ሰፊ ነው። ከእነሱ ውስጥ ክሪፕቶተርመስን ማንም አይስተውም፤ ራሱ አጭር፣ ጥቁርና ፊት ለፊቱ ገደል መሰል ነው፣ መተላለፊያ ሊደፍንበት የተሠራ። ሆዶተርመስም ቀዳዳ የለውም። ግን ወታደሩም ሠራተኛውም ዓይን አላቸው፤ በቀን ብርሃን ወጥተው ሣር ስለሚሰበስቡ ነው። በአብዛኛው ምስጥ ላይ ወታደር ዓይነ ስውር ስለሆነ ይሄ ወዲያው ያስታውቃል።

ቀዳዳው ካለና ፕሮኖተሙ ዝርግ ከሆነ ሬቲኩሊተርመስን ወይም ኮፕቶተርመስን የመሳሰሉት ናቸው። የሬቲኩሊተርመስ ራስ ረዘም ያለ፣ ጎኖቹ እኩል የሚሄዱ ነው፣ ቀዳዳውም ትንሽ ነው። የኮፕቶተርመስ ራስ ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል፣ ቀዳዳውም ትልቅ ሆኖ ፊት ለፊት ያፈጣል። በሕይወት እያለ ከነካችሁት ከዚያው ነጭ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። ፕሮኖተሙ የፊት ጠርዙ ከፍ ብሎ የኮርቻ ቅርጽ ከያዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተርሚቲዴ ውስጥ ናችሁ። ከምስጥ ዝርያዎች የሚበዙት ያሉበት ትልቁ ቤተሰብ ይሄ ነው። ከላይ ብቻ አይታችሁ ዝርግ ነው እንዳትሉ። ወታደሩን በጎኑ አስተኙትና ተመልከቱ።

እስከዚህ ድረስ መምጣት ከባድ አይደለም። ትንሽ ከተለማመዳችሁ ጂነሱን በደቂቃዎች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ኮፕቶተርመስ ፎርሞሳነስና ኮፕቶተርመስ ገስትሮይ። ሁለቱም ቤት አጥፊዎች ናቸው፣ ሁለቱም በሰው ዕቃና በመርከብ ከትውልድ አካባቢያቸው ርቀው ተስፋፍተዋል። ወታደሮቻቸው በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱን ያገኘሁት ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ነው። ፎርሞሳነስ በቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ፀጉር አለው፣ ገስትሮይ አንድ አንድ። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ አላመንኩም ነበር፤ እንዴት በፀጉር? ከዚያ ብርሃኑን ከጎን አድርጌ፣ ራሱን ትንሽ ቀና አድርጌ ሳይ ፀጉሮቹ ወለል ብለው ታዩኝ። ግን ልብ በሉ፣ ፀጉር ይረግፋል። አልኮል ውስጥ ሲንገላታ የቆየ ናሙና አንዱ ፀጉር ሊጎድለው ይችላል። ስለዚህ አንድ ወታደር አይቼ አልፈርድም። ብዙ አያለሁ፣ ፀጉሩ የነበረበትን ጥቃቅን ጉድጓድም እፈልጋለሁ።

ማክሮተርመስ ላይ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። የላይ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጣ ያለ ቁራጭ አለው። መንጋጋው ጥርስ አልባና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። እነዚህን ሁለቱን ካያችሁ ጂነሱ ላይ ደርሳችኋል። ነገር ግን በአንድ ጎጆ ውስጥ ትልቅና ትንሽ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ወታደሮች አሉ። የመጠን ልዩነታቸው ሰፊ ስለሆነ ለየብቻ ያገኛቸው ሰው ሁለት ዝርያ ሊመስሉት ይችላሉ። ልኬታቸውን በፍጹም አትደባልቁ። የትልቁ ለብቻ፣ የትንሹ ለብቻ ይመዘገባል። የሁለቱ አማካይ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር የየትኛውም ወታደር ቁጥር አይደለም። እግረ መንገዴን የምወደውን ነገር ልንገራችሁ፦ የማክሮተርመስ ወታደሮች ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ የናሱቲተርመስ ወታደሮች ደግሞ ወንዶች።

በጣም ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ኦዶንቶተርመስ ነው። እዚህ ጂነስ ውስጥ ዝርያዎቹ ብዙ ናቸው፣ የራሳቸው ቅርጽም ተቀራራቢ ነው። ዋናው መለያ የግራ መንጋጋው ላይ ያለው ጥርስ ነው። ጥያቄው ጥርስ አለው ወይ ሳይሆን የት ላይ ነው የሚለው ነው። ወደ ጫፉ የቀረበ ነው፣ መሀል ላይ ነው ወይስ ወደ ሥሩ ወረድ ያለ? ጫፉ ወደ ፊት የዞረ ነው ወይስ ወደ ጎን? ይሄን በቃል «መሀል አካባቢ» ብሎ መተው አይበቃም። እኔ የማደርገው ከመንጋጋው ጫፍ እስከ ጥርሱ ጫፍ ያለውን ርቀት ለክቼ ለመንጋጋው ሙሉ ርዝመት ማካፈል ነው። የሚወጣው ቁጥር ከመጠን ነጻ ስለሆነ ትንሹንም ትልቁንም ወታደር እኩል ያነጻጽራል።

አንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ የመጡ ናሙናዎች ነበሩኝ። የራሳቸው ስፋት ስለሚደራረብ አንድ ዝርያ ናቸው ለማለት ተቃርቤ ነበር። የጥርሱን ቦታ በየወታደሩ ሳሰላው ሁለቱ ቡድኖች ምንም ሳይነካኩ ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ነገሮችም ይታዩኝ ጀመር፤ የላይ ከንፈሩ ቅርጽ፣ የአንቴናው ሦስተኛ ክፍል ርዝመት። ልዩነቱ ቀድሞም ነበረ፣ ዓይኔ የሚፈልገውን ሲያውቅ ነው የታየው። በነገራችን ላይ መንጋጋዎቹ ተጠላልፈው ከሞቱ ጥርሱ ይሸፈናል። ትርፍ ወታደር ካላችሁ የግራውን በቀጭን መርፌ ነቅላችሁ ለብቻው ማየት ነው የሚሻለው።

ስለ ልኬት አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፦ ራሱ ዘንበል ካለ ልኬቱ ውሸት ነው። ትንሽ ወደ ፊት ቢያዘነብል ርዝመቱ ያጥራል፣ እናንተም አዲስ ዝርያ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። እኔ የምጠቀመው ግልጽ የእጅ ማጽጃ ጄል ነው። ትንሽ ሳህን ላይ አፍስሼ ወታደሩን እዚያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ባዞርኩት አቅጣጫ ይቆምልኛል፣ አልኮል ስላለበትም አይደርቅም። የአየር አረፋ ካለ በመርፌ ይገፋል። ጄል ከሌለ አልኮል ውስጥ የተነከረ ደቃቅ አሸዋም ይሠራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የመንጋጋው መነሻና የራሱ የኋላ ጠርዝ በአንድ ፎከስ እኩል ጠርተው ከታዩ ራሱ ተስተካክሏል ማለት ነው። በማይክሮስኮፑ ያለውን መለኪያ ደግሞ በእያንዳንዱ ማጉያ ደረጃ ከመደበኛ መለኪያ ጋር አመሳክሩ። አንዴ ሠርቻለሁ ብሎ መተው አይሆንም።

የራስ ርዝመት ስትሉ ከየት እስከ የት እንደሆነ ጻፉ። የተለመደው ከኋላ ጠርዝ እስከ መንጋጋው የጎን መነሻ ነው። መንጋጋውን ጨምረው የሚለኩም አሉ። ናሱቲተርመስ ላይ ደግሞ ከነቀንዱና ያለቀንዱ ተብሎ ሁለት ጊዜ ይለካል። ከዚያ ውጭ የራሱ ከፍተኛ ስፋት፣ የራሱ ከፍታ፣ የግራ መንጋጋ ርዝመት፣ የፕሮኖተም ርዝመትና ስፋት፣ ከራሱ ሥር ያለው የፖስትሜንተም ሳህን ርዝመትና ሰፊና ጠባብ ቦታው፣ የኋላ እግር ቅልጥም ርዝመት አይቀሩም። የአንቴናውን ክፍሎች ቁጠሩ። ሦስተኛውና አራተኛው አንዳንዴ በግማሽ ብቻ ስለሚለያዩ በግራና በቀኝ የተለያየ ቁጥር ብታገኙ አትደንግጡ፤ ሁለቱንም ጻፉ። በየቅልጥሙ ጫፍ ላይ ያሉትን እሾሆችም ቁጠሩ። ከፊት፣ ከመሀልና ከኋላ እግር በቅደም ተከተል 3፡2፡2 ወይም 2፡2፡2 እየተባለ ይጻፋል።

የማይለኩም አሉ። ወታደር ከመሆኑ በፊት ያለው ደረጃ ቅርጹ የወታደር ሆኖ መላው አካሉ ነጭና ለስላሳ ነው። እሱን ተዉት። ከአዲስና ትንሽ ጎጆ የተገኙ ወታደሮችም ከትልቅ ጎጆ ወታደሮች ያንሳሉ። በእነሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የተጻፈ መግለጫ በኋላ ማንንም ያሳስታል። ቀለምም አልኮል ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከተሰበሰበ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሳይጠቀስ «ራሱ ቢጫ ነው» ማለት ብዙም አይረዳም።

አንዳንዴ ደግሞ ወታደሩ ብቻውን አይበቃም። የኩቢተርመስን ጂነስ በተሰነጠቀው የላይ ከንፈሩና በረጅም ጎባጣ መንጋጋው ቶሎ ታውቁታላችሁ። ዝርያው ላይ ግን ትጣበቃላችሁ። እዚያ የሠራተኛውን አንጀት ከፍቶ በውስጡ ያለውን የቫልቭ (የመዝጊያ) እሾህ ማየት ያስፈልጋል። አኖፕሎተርመስና ዘመዶቹ ደግሞ ጭራሽ ወታደር የላቸውም። ሠራተኞችን አብራችሁ ሰብስቡ ያልኩት ለዚህም ነው። ጂነሱ ላይ መቆም አያሳፍርም። በትክክል የተጻፈ የጂነስ ስም በግምት ከተለጠፈ የዝርያ ስም ይበልጣል።

መግለጫ መጻፍ ላይ ስትደርሱ ሁለት ነገር ለዩ። አንዱ ሙሉ መግለጫው ነው፣ ከራስ እስከ እግር ያለው። ሌላው መለያው ነው፦ ይሄ ዝርያ ከቅርብ ዘመዶቹ በምን በምን ይለያል። ብዙ ጀማሪ ረጅም መግለጫ ይጽፍና መለያውን በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔ በተቃራኒው መሆን አለበት እላለሁ። «ራሱ አራት ማዕዘን መሰል፣ መንጋጋው ጠንካራ» የሚለው ለብዙ ዝርያ ይሆናል። «ጥርሱ ከቅርብ ዘመዱ ይልቅ ወደ መንጋጋው ሥር የወረደ ነው» ብላችሁ ቁጥሩን ከትንሹ እስከ ትልቁ ስትጽፉ ግን ሌላ አገር ያለ ሰው የራሱን ናሙና አንስቶ «የእኔ ይሄ አይደለም» ማለት ይችላል። መግለጫ ጥሩ መሆኑ የሚለካው በዚህ ነው። ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ቁጥር ስጡ፣ ከስንት ወታደርና ከስንት ጎጆ እንደተለካ ጨምሩ። ሃያ ወታደር ከአንድ ጎጆ ከመለካት ከብዙ ጎጆዎች ጥቂት ጥቂት መለካት ይሻላል፤ የአንድ ጎጆ ልጆች ወንድማማችና እህትማማች ናቸውና የዝርያውን ስፋት አያሳዩም።

አዲስ ዝርያ ነው ብላችሁ ከማወጃችሁ በፊት የድሮ ስሞችን አገላብጡ። ያነሳሁት ኮፕቶተርመስ ገስትሮይ በ1896 እ.ኤ.አ. ስም ከወጣለት በኋላ በሌላ ቦታ ሃቪላንዲ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ቫስታቶር ተብሎ እንደገና ተሰይሟል። ዛሬ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሬቲኩሊተርመስ ፍላቪፐስ በ1837 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ቪየና ውስጥ ከነበረ የዕፅዋት ቤት በተገኘ ናሙና ነው። የትውልድ አገሩ ግን ሰሜን አሜሪካ ነው። በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ሳንቶነንሲስ የተባለውም ያው እሱ ሆኖ ተገኝቷል። በሰው ዕቃ የሚጓዝ ምስጥ ስትይዙ በአካባቢያችሁ የተመዘገበውን ብቻ አይታችሁ «አዲስ ነው» አትበሉ።

በእርግጥ አዲስ ከሆነ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ የሚጠይቀው አለ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ዝርያ መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት፣ የስሙ ተሸካሚ የሚሆነው ናሙናም መሰየም አለበት፣ የሚቀመጥበት ተቋምም መጠቀስ አለበት። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ መልክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ መመዝገብ ግድ ነው። የስሙ ተሸካሚ እንዲሆን የምትመርጡት ወታደር አንቴናው ያልተሰበረ፣ ሁለቱም መንጋጋዎች የሚታዩ፣ ከትልቅ ጎጆ የመጣ ይሁን። ለብቻው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አስገቡትና ከሌሎቹ የጎጆው አባላት ጋር በአንድ ትልቅ ብልቃጥ አኑሩት። ፎቶውን ከላይ፣ ከጎንና ከታች አንሱ፣ መለኪያ መስመር ይኑርበት። ከዚያው ጎጆ የተረፉትን ወታደሮችና ሠራተኞች ደግሞ ከፋፍላችሁ ቢያንስ ለሁለት ሙዚየሞች ላኩ፤ አንዱ ብልቃጥ ቢደርቅ እንኳ ሌላው ይኖራል።